ጋሼ «ገጹስ» እና አርባ ሰባቱ ጥቅሶች

እግዜር በየከተማው አንድ አንድ «ማን አየ?» ባይ ሰው ሳያስቀምጥ አልቀረም። ይህ ሰው ባይኖር ኑሮ እንዴት ቀላል በሆነ ነበር! ሰው እንደ ልቡ ባወራ፣ እንደ ልቡ ባጋነነ፣ ጎረቤቱንም እንደ ልቡ ባማ። ግን ምን ይደረግ፣ አለ። «ዛሬስ መዝነቡ አይቀርም» ስትሉት ሰማዩን ትቶ እናንተን ያያል፤ «በምን አወቃችሁ?» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ቡሬም እንዲህ ያለ ሰው አላት፤ አዴትም አላት። የፍኖተ ሰላሙ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ስማቸው መምህር ትዕዛዙ ወልደ ገብርኤል ይባላል።

መምህር ትዕዛዙ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ተማሪ «ደራሲው ሊያስተላልፍልን የፈለገው መልእክት…» ብሎ ጀምሮ ሳይቋረጥ የጨረሰ የለም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ፤ አመልካች ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ከዚያ ያቺ የታወቀች ቃል ትመጣለች።

«ገጹስ?»

ተማሪ ሲባል ስም ማውጣት አይቸግረውም፤ «ጋሼ ገጹስ» አላቸው። ስሙ የትምህርት ቤቱን አጥር ዘሎ ገበያ ደረሰ፤ ገበያውም እሰይ ብሎ ተቀበለው። ሥጋ ሻጩ አንድ ቀን «የወይፈን ሥጋ ነው ጋሼ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው» ቢላቸው «ጥርሱን አሳየኝ» አሉት። ምስኪኑ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ ሻጩ ጋሼ ትዕዛዙ በዚያ በኩል እስኪያልፉ ድረስ የበሬውን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ሥር አያወጣም። ቡሬ መናኸሪያም እንደዚሁ ነው፤ ረዳቱ «ሞልቷል! አንድ ሰው ነው የቀረን!» እያለ ሲጮህ ገብተው ባዶ ወንበር ይቆጥራሉ፤ ቆጥረውም ዝም አይሉም፤ በሩ ላይ ቆመው ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቃሉ።

ለቅሶ ቤት እንኳን አያርፉም። አንድ የሰፈር ሰው ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ኧረ እሱ እንኳን ሰው ጉንዳን ረግጦ አያውቅም!» ቢባል፣ እሳቸው ቀስ ብለው «ማን ተከትሎት ሲሄድ አየ?» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታንጉት እዚያው የጋቢያቸውን ጫፍ ሳቡ፤ ድንኳኑ ግን ሰምቶ ነበር። አልቃሹ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ሲንቀጠቀጥ፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ «ወይ ሰው መውደድ!» ብሎ አብሮ አለቀሰ ይባላል።

የግምገማው ነገርማ ተወርቶ አያልቅም። ያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ግምገማ ያልተቀመጠ የለም። ተራው ጋሼ ትዕዛዙ ላይ ሲደርስ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጓድ ትዕዛዙ የአመለካከት ችግር ይታይባቸዋል» አለ።

«በየትኛው ቀን?» አሉ ጋሼ። «በየትኛው ቃል? በማን ፊት?»

«እንዲያው በአጠቃላይ ሲታይ…»

«በአጠቃላይ የሚባለው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሰብሳቢው ማስታወሻውን ወደፊት ገለጠ፤ ወደ ኋላ ገለጠ፤ ከዚያም ምሳ ሰዓት ደረሰ ብሎ ስብሰባውን በተነ። ገና ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በበነጋታው ክቡርነታቸው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ወዲያ የዚያ ትምህርት ቤት ስብሰባ ከአንድ ሰዓት በልጦ አያውቅም፤ ማን ደፍሮ ይናገር!

ሰርካለም ወደ እኚህ ሰው ጥቅስ ይዛ መሄድ የነበረባት በዚህ ሁሉ ዝና መካከል ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

ሰርካለም ማንኩሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ጋሼ ትዕዛዙ አስተምረዋታል፤ ያን ዓመት ስታስታውስ አሁንም መዳፏን ያልባታል። ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ አምስት ክረምት ባሕር ዳር ተመላልሳለች። አምስት ክረምት ማለት ለአራት በአንድ ክፍል ማደር፣ እርጥብ ጫማ፣ ጓደኛ ሲጋባ ከሠርጉ መቅረት ማለት ነው። ሁሉንም ኮርስ አልፋ አንዲት ነገር ቀረቻት፤ የአንድ ልብ ወለድ ትንተና ጽፎ ማቅረብ። ያቺ ናት እንግዲህ ጉሮሮዋ ላይ የቆመችው።

መጽሐፉ «ባለ ወፍጮዋ» የሚል ነው። መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት የምታስተዳድር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ሰው ትሰድባለች፤ ደጇን ትዘጋለች፤ ጨካኝ ናት ይላታል አገሩ ሁሉ። ያነበባትም ሁሉ ጨካኝ ናት ይላታል። ሰርካለም ግን መጽሐፉን ሦስቴ አንብባ ሌላ ነገር ታያት። ሴትዮዋ ጨካኝ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። ይህን በሙሉ ልቧ አምናለች፤ ማሳየት ነው ያቃታት።

መጀመሪያ ያቀረበችው አሥራ አራት ገጽ የራሷ ሐሳብ ነበር። የባሕር ዳሩ መምህሯ በቀይ ጽፎ መለሰላት፤ «አንቺን ሰማሁ። መጽሐፉን ግን አልሰማሁም።» ደንግጣ ሁለተኛውን በጥቅስ ሞላችው፤ አርባ ሰባት ጥቅስ! ከአንዱ ጥቅስ ወደ ሌላው ለመሻገር «በተጨማሪም» እና «እንዲሁም» ብቻ ነበር የጻፈችው። አሁንም በቀይ መጣ፤ «መጽሐፉን ሰማሁ። አንቺስ የት ሄድሽ?» ከወረቀቱ ጋር ደግሞ ማህተም ያለው ደብዳቤ ነበር። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። በሐምሌ ይቀርባል፤ በቃል ትጠየቅበታለች፤ ከወደቀች ትሰናበታለች። አምስቱም ክረምት ዝናብ ብቻ ሆነው ሊቀሩ ነው ማለት ነው።

ደብዳቤውን አጥፋ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ሳምንት ካለቀሰች በኋላ በአንድ የመጋቢት ቅዳሜ አርባ ሰባቱን ጥቅሶች በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ለየብቻ ጽፋ፣ ቆራርጣ፣ በፌስታል ይዛ ፍኖተ ሰላም ገባች። የጋሼን በር ከማንኳኳቷ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልሳ ነበር። በሦስተኛው እትዬ ታንጉት ከጓሮ አዩዋት።

«ሰርኬ! ምነው ልጄ፣ በሩ ላይ ትመላለሻለሽ? ግቢ እንጂ፣ አይበሉሽም!»

ጋሼ ትዕዛዙ በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰርካለም እንደ ቆመች ነገሩን ሁሉ ዘከዘከችው፤ ቀዩን፣ ደብዳቤውን፣ ሐምሌን። በመጨረሻም ዓይኗን ጨፍና «እኔ የምለው፣ ባለ ወፍጮዋ ጨካኝ አይደለችም፤ ፈሪ ናት» አለች።

መነጽራቸው ወደ ግንባራቸው ወጣ።

«ገጹስ?»

ፌስታሉን ገልብጣ አርባ ሰባቱን ወረቀቶች አግዳሚው ላይ ዘረገፈቻቸው። እሳቸው አንዱንም አልነኩም፤ አቧራ እንደወደቀበት ዳቦ ነው ያዩት።

«ነገ ቅዳሴ እንዳለቀ ማንኩሳ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የድንበር ሽምግልና አለ። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ነይና ተቀመጪ» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለጽሑፉ…»

«ሰምቻለሁ። ነይና ተቀመጪ።»

ይህ ሰው አርጅቷል አለች በልቧ። ግን ሄደች።

ጠቡ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ነው፤ አቶ እጅጉ በሚባል ገበሬና ባሏ በሞተባት በወለተ ኢየሱስ። በሁለቱ ማሳ መካከል ያለው ድንበር ተገፍቷል አልተገፋም ነው ነገሩ። አቶ እጅጉ ምስክር ጥራ ቢባል አሥራ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ወንድሙ፣ የወንድሙ ልጅ፣ አማቹ፣ የክርስትና ልጁ፣ ብቻ ዘመዱን ጠራርጎ ነው የመጣው። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ከፊት ያለው ያለውን እየደገሙ «የእጅጉ ነው፤ ስናውቀው የእጅጉ ነው» ብለው ተቀመጡ። አምስተኛው ላይ አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸው ዘመም አለ። ስምንተኛው ላይ ማንኮራፋት ተሰማ፤ እጅጉ ግን ደረቱን ነፍቶ ቁጥሩን ይዟል።

ወለተ ኢየሱስ ተራዋ ሲደርስ ሁለት ሰው ብቻ አስነሣች።

«ይህን የጠራሁት የዛሬ ሦስት ዓመት በራሱ በሬዎች ስላረሰልኝ ነው። እስከ የት እንዳረሰ ይናገር።» ሰውዬው ተናገረ፤ እስከ ቁልቋሉ። «ሰምታችኋል፤ እስከ ቁልቋሉ። ሰው የሌላውን መሬት በነፃ አያርስም» አለች። «ይቺን የጠራሁት ቁልቋሉን ከባለቤቴ ጋራ ስትተክል ስለነበረች ነው።» ሴትዮዋ ተነሥታ የተከሉበትን ዓመት፣ ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ ሳይቀር ተናገረች። «የቁልቋሉን ቦታ እንግዲህ የተከለችው እጅ ነገረቻችሁ።»

«ሌላስ?» አሉ የነቁት ሽማግሌ።

«ሦስተኛ ምስክሬ ከእጅጉ ምስክሮች ስድስተኛው ነው። አማቹ ይጠየቅልኝ።»

አጥሩ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ቀና አለ። አማችየው ሳያስበው ተነሣ። ወለተ ኢየሱስ «አምና ጎርፍ ሲመጣ ለእጅጉ ቦይ የቀደድክለት አንተ ነህ። ቦዩን በየት በኩል አወረድከው?» አለችው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ «በቁልቋሉ ሥር፣ በድንበሩ…» ብሎ ጀምሮ ቀጥ አለ። እጁ እንደተዘረጋ ነው የቀረው። እጅጉ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ብዙም አልተመካከሩም፤ ድንበሩ ወደ ቁልቋሉ ተመለሰ።

ጋሼ ትዕዛዙ ብዕራቸውን ከድነው ወደ ሰርካለም ዞሩ።

«እሱ ስንት ምስክር ጠራ?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንት ነገር ሰማሽ?»

ሰርካለም አሰበችው። «አንድ» አለች።

«እሷስ?»

«ሦስት ሰው… ሦስት ነገር።»

ጋሼ ጥላቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ወጡ። ሰርካለም ፊቷ በርበሬ መስሎ አጥሩ ሥር ቆማ ቀረች። ፌስታል ውስጥ ያሉት አርባ ሰባት ዘመዳሞች ታወሷት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ችሎቱ በረንዳው ላይ ተሰየመ። ጋሼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ይህን ብናወጣው የሚወድቅ ነገር አለ?» ሰርካለም «የለም» ስትል ወረቀቱ እትዬ ታንጉት ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ። አሥራ ሁለቱ ጥቅሶች ሴትዮዋ በሯን ስለመቆለፏ ብቻ ነበር የሚናገሩት። አሥራ ሁለት! ሰርካለም እያንዳንዱን የጻፈችው በሌላ ቀን ስለነበር አንድ መሆናቸው አልታያትም ነበር።

«ይቺንስ ጋሼ፣ ይቺ እኮ በጣም ታምራለች።»

«ታምራለች። ምን ትመሰክራለች?»

«…ምንም።»

«ታንጉት፣ ይቺን ቆንጆ ተቀበይኝ!»

«ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ልጂቱን አያስለቅሷት!» አሉ እትዬ ታንጉት ወረቀቱን እየተቀበሉ። «እኔን እንኳ ሲያጩኝ እንዲህ ነበሩ። ሌላው ወንድ ወደድኩሽ ይላል፤ እሳቸው ሦስት ማስረጃ አቀረቡ። አንደኛ፣ ከገበያ ስትመለሺ በተከታታይ አምስት ሳምንት መንገድ ላይ ቆሜ ተገኝቻለሁ። ሁለተኛ፣ ለዚህም የጎረቤትሽ ልጅ ምስክር ናት…»

«ሦስተኛው ምን ነበር?» አለች ሰርካለም።

«ሥራሽን ሥሪ» አሉ ጋሼ፤ ጆሯቸው ቀላ።

ሲመሽ አራት ወረቀት ቀረ። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ሴትዮዋ የሟች ባሏን ጫማ በየእሑዱ ቀብታ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ የሚያልፍ ሰው ቤት ውስጥ ወንድ ያለ እንዲመስለው። ገጽ ሃምሳ ስምንት፣ ሰው ላይ የምትጮኸው ወፍጮው ሲቆምና ጸጥ ሲል ብቻ ነው። ገጽ ሰባ ስድስት፣ ሕፃናት ብቻቸውን እህል ይዘው ሲመጡ ያለ ወረፋ ትፈጭላቸዋለች። ገጽ ዘጠና፣ ወንበሯን ጀርባዋ ለበሩ እንዳይሆን ታዞራለች። ሰርካለም በገጻቸው ተራ ደረደረቻቸው።

«ለምን በዚህ ተራ?»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው የሚመጡት።»

«የመጽሐፉ ተራ የደራሲው ነው። የክርክሩ ተራ ያንቺ ነው። ወለተ ኢየሱስ ማንን አስቀደመች?»

ሰርካለም ትንሽ አሰበችና ወንበሩን አስቀደመች፤ ትንሹን፣ ማንም የማይክደውን። ከዚያ ጩኸቱን፤ ከዚያ ጫማውን። ሕፃናቱን መጨረሻ አደረገቻቸው፤ ጨካኝ ብትሆን ለሕፃናትም በጨከነች ነበር። ለእያንዳንዱ ለምን እንደጠራችው አንድ ዓረፍተ ነገር ከፊት፣ ምን እንዳሳየ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከኋላ ጻፈች። አሥር መስመር የነበረውን ጥቅስ የሚመሰክረውን ስድስት ቃል ብቻ አስቀርታ ቆረጠችው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሚያዝያና ግንቦት አለፉ። ጽሑፉ ዘጠኝ ገጽ ሆነ፤ ሰርካለምም መተኛት ጀመረች።

በሰኔ መጀመሪያ ጨርሳ ስትሰጣቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለትስ?»

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ አባት የታመመ ልጁን አዝሎ በዝናብ ይመጣል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አስጠልይኝ ይላል። ባለ ወፍጮዋ በሩን ፊቱ ላይ ትዘጋበታለች። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ሴትዮዋን የሚጠላት እዚያ ገጽ ላይ ነው።

«እርስዎ… መጽሐፉን አንብበውታል?»

«ቡሬ ድረስ ሄደው ነው ያመጡት!» አሉ እትዬ ታንጉት ከውስጥ። «እዚህ ጠፍቶ፣ በዚያ ወገባቸው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው…»

«ታንጉት!» አሉ ጋሼ። ወደ ሰርካለም ዞሩ። «መቶ አሥራ ሁለት የት ሄደ?»

«ትቼዋለሁ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አይቼዋለሁ፤ ግን ሐሳቤን ያፈርስብኛል። ምናልባት አይጠይቁኝም ብዬ…»

ቁጣ ጠበቀች። ቁጣ ግን አልመጣም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እጅጉ ለምን እንደወደቀ ታስታውሻለሽ? አማቹ ምን እንደሚያውቅ ቀድሞ አልጠየቀውም። አንቺም ጠያቂው ሳይጠራው ራስሽ ጥሪው። ሐሳብሽ የሚፈርስ ከሆነ እዚህ እኛ ዘንድ ይፍረስ፤ እዚያ ከሚፈርስ ይሻላል። አንብቢው።»

መጽሐፉን ዘረጉላት። ሰርካለም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሰውዬው ሲመጣ፣ ዝናቡ፣ የልጁ ሳል። «ሴትዮዋ ‘ሂድ!’ አለች፤ ዓይኗን ከዱላው ላይ ሳታነሣ በሩን…»

ቆመች።

መልሳ አነበበችው። ሦስት ጊዜ፣ ኧረ ስንት ጊዜ ያነበበችው ገጽ ነው!

«ጋሼ!» ብላ ተነሣች። «ልጁን አላየችውም! ዱላውን ነው ያየችው! ሰውዬው ዱላ ይዟል፤ ከገጹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ዓይኗ ዱላው ላይ ነው! ልጁን እኮ አንድም ጊዜ አላየችውም!»

«ገጹስ?»

«መቶ አሥራ ሁለት!» ጮኸች። «ከላይ አራተኛው መስመር!»

ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ምን ተፈጠረ አለ። እትዬ ታንጉት እልል አሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ጋሼ ትዕዛዙ ያን ጊዜ ፈገግ ብለዋል የሚል ወሬ አለ፤ ማስረጃ የለንም።

ሐምሌ መጣ። ባሕር ዳር ዝናቡን ታወርደዋለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰርካለም በሁለት መምህራን ፊት ተቀመጠች፤ አንደኛው ያ የቀይ ብዕር ባለቤት ነው። ጽሑፏ ፊቱ ተዘርግቷል። የወንበሩን ጠየቋት፣ መለሰች፤ የጫማውን ጠየቋት፣ መለሰች። ባለ ቀዩ ወደ ኋላው ደገፍ አለና «እሺ። ፈሪ ናት እንበል። አባትና የታመመ ልጁን በዝናብ መልሳለች። ይህንስ ፍርሃት ትይዋለሽ?» አለ።

ሰርካለም ስቃ ልትሞት ምንም አልቀራትም። ይኸው መጣ! አራት ወር ሙሉ የፈራችው ጥያቄ እሱ ነው፤ ሲመጣ ግን እንደምታውቀው ሰው ሆነ። «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ከላይ አራተኛው መስመር» አለች፤ መጽሐፉንም ሳትገልጥ ስለ ዱላው ነገረቻቸው። ሁለቱ መምህራን መጽሐፉን ስበው አብረው ጎንበስ አሉ። ባለ ቀዩ ቀና ሲል «እኔ ይህን መጽሐፍ ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ» አለ፤ ከዚያ ፈረመ። በሰማያዊ ነው የፈረመው።

ከክፍሉ ስትወጣ ከትከሻዋ ላይ ሙሉ ኩንታል የወረደ መሰላት። ዝናቡ ውስጥ ጥላዋን ሳትዘረጋ ሄደች። እፎይ፣ እፎይ እያለች፣ ለብቻዋ እየሳቀች፤ የሚያያት ሰው ምን እንዳላት አላወቀም። ቅዳሜ ማለዳ የመጀመሪያውን አውቶብስ ያዘች። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ አለፉ። ማንኩሳ ሲደርሱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ቤቷ፣ አልጋዋ እዚያ ነበሩ፤ ሰርካለም ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

ፍኖተ ሰላም ደርሳ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ የጋሼን በር አንኳኳች። ራሳቸው ከፈቱ።

«እህስ?»

«አለፍኩ ጋሼ!»

መነጽሩ ወጣ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ማስረጃ?»

ይህንን እንኳ አውቃለች። በሁለት ፌስታል ጠቅልላ በደረቷ ያመጣችውን ወረቀት ሰጠቻቸው። ፊቱን አነበቡ፤ ጀርባውን አነበቡ፤ ወደ ብርሃን ይዘው ፊርማውን አዩ። «ማህተሙ ትንሽ ደብዝዟል» አሉ።

ሰርካለም ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣላት። የዶሮ ወጥ ሽታ ነው፤ ሲንተከተክ ያረፈደ፣ ቅቤው የገባ፣ ያለቀለት ወጥ። እትዬ ታንጉት እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ፤ አገላብጠው ሳሟት።

«እትዬ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ እንግዳዋ! ዶሮውን ትናንት ከገበያ ራሳቸው መርጠው አምጥተው፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረዱት። ‘ኧረ ቆይ፣ ልጂቱ ማለፏ ይሰማ፤ ካላለፈችስ?’ ብላቸው እኮ ተቆጡኝ! ቤቱን ጥለው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም!»

ሰርካለም ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ትዕዛዙ ዞረች። ወረቀቱን አሁንም በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ስልክ የላቸውም። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው የለም። ከእሷ ቀድሞ የደረሰ አውቶብስም የለም።

«ጋሼ» አለች። «ማለፌን በምን አወቁ?»

ጋሼ ትዕዛዙ ወረቀቱን አዩ። ወጡን ወደሚሸትበት በኩል አዩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ እዚያም ምንም አልተገኘም።

«ገጹስ?» አለች ሰርካለም፤ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች።

«ገጽ የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «ይልቅ ግቢ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።»